ሲኒው ራሱ ጮኸ

ሰላም የምትባል ተከራይ አለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ከአዳማ ነው የመጣችው። ጥሩ ልጅ ናት፤ ብቻ በቀን ሦስቴ «እማማ አስካለ፣ ደህና ነዎት?» ስትለኝ አንዳንዴ መልሱ ራሱ ይደክመኛል። በዚህ ዕድሜ ደህና መሆንም ሥራ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኩባያ ይዛ መጣች። ፈታ አሳየችኝ። ሰማያዊ ነው፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፤ ከአፉ እስከ ቂጡ ግን እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። «ውይ ልጄ፣ መንገድ ላይ ነቅቶብሻል» አልኳት። ከልቤ አዝኜ ነበር። እሷ ሳቀች። «አይ እማማ፣ ዲዛይኑ እኮ ነው! ሆን ተብሎ ነው የሚሰነጠቀው። ክራክል ነው የሚሉት። ዋጋውን ብነግርዎት ይደነግጣሉ።» ነገረችኝ፤ ደነገጥኩ። በእኔ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ከነመደርደሪያው ሱቅ ይገዛበት ነበር።

ከዚያ ሻይ ቀዳችበት። ውጭው ዝናብ ነው፤ ዲላ ላይ ዝናብ መቼ ይታጣል፤ ቤቱም ኩባያውም ቀዝቅዘዋል። ትኩሱ ሻይ እንደገባ ከኩባያው ገላ ውስጥ ድምፅ ወጣ። ጢቅ። ትንሽ ቆየና እንደገና፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ሰላም ጆሮዋን አስጠግታ «ሰሙት? ያወራል እኮ! ይሄ ድምፅ በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። «መንጣጣት» አልኳት። ከዚያ በላይ መጫወት አልቻልኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ዋሸኋትና ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያንን ድምፅ ከአርባ ዓመት በላይ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ልሰማውም አልፈልግም ነበር።

ቃሉን ግን ቀኑን ሙሉ ሳመነዥገው ዋልኩ። እርጥብ እንጨት እሳት ላይ ይንጣጣል። ጨው ፍም ላይ ሲበትኑት ይንጣጣል። የጋለ ዘይት ውሃ ጠብ ሲልበት ይንጣጣል። የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራዲዮ ባትሪው ሲደክም ይንጣጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከዜናው ግማሹን የሰማነው ከመንጣጣቱ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የቀረብን ነገር የለም። ሰውም ይንጣጣል፤ አማቴ ሱቅ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚቆጣ ደንበኛ ሲገጥማቸው ቀስ ብለው «ደግሞ ይሄን ምን ያንጣጣዋል?» ይሉኝ ነበር። ሲኒ ተንጣጣ ብሎ የተናገረ ግን በዚህ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ሣራ ናት። እኛም ሳቅንባት።

የአማቴ ሱቅ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወጣ ጥጉ ላይ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ የሞባይል መጠገኛ አለ፤ ልጆቹ ማን እንደነበርኩ አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ያኔ በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ሲገቡ በስተቀኝ ሳህን፣ የብረት ድስትና ፔርሙዝ፤ በስተግራ ደግሞ ሲኒ፣ ከወለል እስከ ጣራ ሲኒ። ነጩ ስሙኒ ነበር፤ አበባ ያለበት ሽልንግ፤ ከንፈሩ በወርቅ ቀለም የተቀባው ለሙሽራ ነው፣ ዋጋውን የሚጠይቀው የሚገዛው ሰው ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ ቤልቦተም ሱሪ የለበሱ ጎረምሶች በሩ ላይ ተደግፈው ይውላሉ። እኔ የቴትሮን ቀሚስ ለብሼ፣ ሻሼን ወደ ኋላ አስሬ ከባንኮኒው ኋላ እቆማለሁ። ወገቤ ያኔ ወገብ ነበር። ስኳር ከቀበሌ በካርድ፣ ሳሙናም በካርድ፤ ሲኒ ግን በካርድ ስላልነበረ ሰው ቢያንስ ይህን እንደልቡ መርጦ ይግዛ ብለው ነው መሰለኝ አማቴ ማንንም አያቻኩሉም።

አማቴ አንድ ነገር አስተማሩኝ። ሲኒ በዓይን አይገዛም፤ በጆሮ ነው። በሁለት ጣት ቂጡን ትይዢዋለሽ፣ ከንፈሩን በጥፍርሽ መታ ታደርጊዋለሽ። «ደህናው ይዘምራል፤ የነቃው ያስላል» ይሉ ነበር። ንቃቃቱ ለዓይን ባይታይም ጆሮ ያውቀዋል። ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከገጠሩም የሚመጣ ደንበኛ ይህን ስለሚያውቅ ማንም ሳይመታ አይገዛም ነበር፤ በገበያ ቀን ሱቁ ውስጥ የሚሰማው ቅጭልጭልታ ነበር። የሚያስለውን ለይተን አውጥተን እንጥላለን እንጂ አንሸጥም። እኔም ጆሮዬ ተካነ። ጀርባዬን ሰጥቼ እንኳን የቱ እንዳሳለ እናገራለሁ። አማቴ ይኮሩብኝ ነበር፤ ለመጣው ሁሉ «የዚች ልጅ ጆሮ አይዋሽም» ይሉ ነበር።

በዚህ የተነሳ የሰፈራችን እድር የዕቃ ኃላፊ አደረገኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ስድስት ደርዘን ሲኒ በእኔ እጅ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው ይወስዳል፤ ሦስት ቀን ሠልስቱ ሲያልፍ ይመልሳል። ሲወጣም ሲገባም እያንዳንዱን ሲኒ በጥፍሬ እመታለሁ። ወጪው ላይ «ደህና» ካልኩ ደህና ነው፤ ገቢው ላይ ካሳለ የወሰደው ሰው ይተካል። በእኛ እድር ሕጉ ይኸው ነበር። ዛሬ ሰው ሲሞት ፕላስቲክ ኩባያ በካርቶን ይመጣል፤ ተጠጥቶበት ይጣላል። ያስላል የሚል ፍርሃት የለም።

ሣራ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነበር የምትኖረው። የጌዴኦ ልጅ ናት፣ ትውልዷ ወናጎ፤ ባሏ ዱመርሶ በሚባል ቦታ ቡና ማጠቢያ ይሠራ ነበር፤ እሷ ገበያ ላይ ቆጮና ጎመን ትሸጣለች። እሷ የጸሎት ቤት ሰው ናት፣ እኛ የቤተ ክርስቲያን፤ ይሄ በእኛ መካከል አንድም ቀን ነገር ሆኖ አያውቅም። ትልቁን ልጄን ኩፍኝ በያዘው ጊዜ እኔ ሁለተኛውን አርግዤ መነሳት ሲያቅተኝ፣ ሦስት ቀን በጀርባዋ አዝላ ያስተኛችው እሷ ናት። የእሷን ልጅ ተስፋዬን ደግሞ እኔ ፊደል አስቆጠርኩት፤ ሱቃችን ደጃፍ ላይ፣ ከሲኒ ካርቶን በተቀደደ ወረቀት። እንዲህ ነበርን። ይህን የምናገረው ያደረግኩት ነገር ቀላል እንዳይመስል ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሌላ ለቅሶ ነው። አንድ ቤት ሐዘን አልቆ ሲኒው ሁሉ ጨቅይቶ፣ ስብ ይዞ ተመለሰ። ወዲያው የሣራ ባል ታሞ አረፈ፤ ሰው እየሮጠ መጣና «ዕቃ አውጪ» አለኝ። ተጣደፍኩ። ውሃ በድስት አፈላሁና ሲኒውን ጨመርኩበት፤ ስቡ እንደለቀቀ ቶሎ ይቀዝቅዝልኝ ብዬ ከጉድጓድ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ ነከርኩት። ያኔ ሰማሁት። ገንዳው ውስጥ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። ለአፍታ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ የጀመረ መስሎኝ ቀና አልኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጎንበስ ብዬ አንዱን አውጥቼ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ምንም አይታይበትም። ልመታው ይገባኝ ነበር። ጥፍሬን አንስቼ ነበር እንኳን። በር ላይ ግን ሰዎቹ «ኧረ አስካለ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ነው» እያሉ ነው። ሳልመታ ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ደብተሩ ላይም «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ቀን ሻይ ተጠጣበት። ሻይ ደግሞ ያልታየውን ያሳያል፤ ሲኒው ሲመለስ አሥራ ሁለቱ ላይ ያ የማይታየው ንቃቃት ቡናማ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ የሰላም ኩባያ ላይ ያየሁት ዓይነት መስመር፣ ያኔ ግን ዲዛይን አልነበረም። ሕዝብ ፊት፣ እድሩ በተሰበሰበበት እሑድ፣ አንድ በአንድ መታሁት። አሥራ ሁለቱም አሳሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንን ቆጣ ብለው ሣራን አስነሷት። ጥቁር ልብሷን ለብሳ ተነሳች። ባሏን ከቀበረች ገና አሥር ቀኗ ነው።

«እኔ አልሰበረም» አለች፣ በዚያ ጌዴኦኛ በሚጎትተው አማርኛዋ። «ሻይ ስቀዳ ሲኒው ራሱ ጮኸ። ተንጣጣ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል ብዬ ነበር። የታመመ ሲኒ ነው የመጣልኝ።»

ሰው ሳቀ። በለቅሶ ሰው ላይ ሳቀ። አንዱ «ሲኒ ይሰበራል እንጂ ይንጣጣል እንዴ? ቆሎ አደረግሽው!» አለ። ሌላዋ ደግሞ በጎን «የጠጡበትን ሳያጥቡ እየወረወሩ ነዋ» አለች፤ ማንን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ እነሱ ማለቷ ነው፣ እኛ ያልሆንነውን። ሣራ ግን አላለቀሰችም። «ሶንጎ እንሂድ» አለች። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ስፍራ ነው፤ እዚያ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አይሄድም ይባላል። «እኔም እቆማለሁ፣ አስካለም ትቁም። እሷም ይናገር፣ እኔም ይናገራል።» ጋሽ መኮንን «የእድር ነገር በእድር ያልቃል፤ ሲኒ ተሸክመን ሽማግሌ ፊት አንቀርብም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አስካለ፣ ስታስረክቢ ደህና ነበሩ?»

አማቴ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ሰውም ያየኛል። አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው። «አልመታኋቸውም» ብል ያልቅ ነበር፤ ቢበዛ ኃላፊነቱን ይወስዱብኛል፣ አማቴም አንድ ሳምንት ያኮርፉኛል። ይሄን ያህል ነው የከበደኝ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ አይገባኝም፤ ሰው በሃያ ስምንት ዓመቱ ምን ያህል በትንሽ ነገር ነፍሱን ይሸጣል።

«ደህና ነበሩ» አልኩ።

በማግሥቱ ሣራ ሱቃችን መጣች። ተስፋዬን በእጇ ይዛ ነበር፤ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። በከተማው ሌላ ሲኒ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቶ እኛ ጋ መጣች። «አሥራ ሁለት ነጭ ሲኒ» አለችኝ። አወረድኩላት። እሷ አንድ በአንድ ቂጡን ይዛ በጥፍሯ መታች፣ ደንበኛ ሁሉ እንደሚያደርገው፤ በእያንዳንዱም መሀል ቆም እያለች ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ ጋዜጣ እየቀደድኩ ጠቀለልኩ። ጋዜጣ መቅደድ ያን ያህል ጊዜ የሚወስድ ሥራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ከፈለች፣ ሄደች። የሰፈሩ ልጆች ተስፋዬን «የሲኒ ሰባሪዋ ልጅ» ማለት ጀመሩ፤ ተማሪ ቤትም ተከተለው። ገበያ ላይም ሴቶቹ ከእሷ ዕቃ መዋስም ማዋስም ተዉ። ክረምቱ ሳይወጣ ሣራ ቤቷን ለቃ ወናጎ ወንድሞቿ ጋ ገባች።

አድራሻዋ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህን ማመን አለብኝ። ወናጎ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ናት። ስንት ጊዜ ይርጋጨፌ ስሄድ በመኪና መስኮት ቤቷ ያለበትን አቅጣጫ እያየሁ አልፌያለሁ። መጀመሪያ ልጆቼ ትንሽ ናቸው አልኩ፤ ከዚያ ዘመኑ ተቀያየረ፣ ሰው ስለ ሲኒ የሚያወራበት ጊዜ አልነበረም አልኩ፤ ከዚያ አማቴ ሞቱ፣ ባለቤቴ ሞተ፣ ጋሽ መኮንን ሞቱ፤ የሚጠይቀኝ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ እኔም ይቀለኛል ብዬ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ግን ስንቱን ዓመት አደረ፣ ማንም አላጠራውም፤ እየከበደኝ ብቻ ሄደ። ደከመኝ። አንድ ውሸት ይህን ያህል ዘመን መሸከም፣ ሰው ባይጠይቅም፣ ያደክማል።

ሐሙስ ዕለት ሰላም ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ተነሳሁ። ባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ ሚኒባስ። ረዳቱ «እናቴ፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ፤ ገባሁ። በግራም በቀኝም እንሰትና ቡና፣ እንሰትና ቡና፤ እንደ ድሮው ነው፣ ቤቶቹ ብቻ ቆርቆሮ ሆነዋል። ወናጎ ወርጄ የመጀመሪያዋን ሴት ስጠይቃት «የተስፋዬ እናት? ይኸው» ብላ እስከ በሩ አደረሰችኝ።

ሣራ ደጃፏ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። አርጅታለች፤ ከእኔ ግን ቀና ትላለች። ስታየኝ አልተነሳችም፣ አልደነገጠችምም። «አስካለ» አለች፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። በእጇ አጠገቧን መታ አደረገች፤ ተቀመጥኩ። ስለ ልጆች ተጠያየቅን፤ የሞቱትን ቆጠርን። ከዚያ መንገድ ላይ ደርድሬ የመጣሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝና «ሣራ፣ ሲኒው...» ብዬ ቀረሁ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ሳልመታ ነው የሰጠሁሽ። ከመስጠቴ በፊትም ሲንጣጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ እልሻለሁ። ያኔ ሲጠይቁሽ እጅሽን አይቷል እኔ፤ ጥፍርሽን መዳፍሽ ውስጥ ደብቀሽ ነበር። ሱቅሽ ለምን መጣሁ ታዲያ? ሲኒ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው? ልጄን ይዤ የመጣሁት ብቻችንን ስንሆን ትናገሪያለሽ ብዬ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁሽ።»

አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም፤ አልከፋችብኝምም። ለቅሶዬ እስኪያልፍ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ለኔ አትንገሪ፤ እኔ ድሮ ያውቃል» አለችና ወደ ጓሮ ተጣራች። «ለሱ ንገሪ። የእሱንም ስም ነው የወሰድሽው።»

ተስፋዬ ከእንሰቱ መሀል ወጣ። ያ ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ጢሙ ሸብቷል፤ እጁ ላይ ጭቃ አለ። ማን መሆኔን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ፣ ግን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ተነሳሁ፤ ተቀምጬ የሚነገር አልመሰለኝም። ሁሉንም ነገርኩት። ድስቱን፣ ገንዳውን፣ ድምፁን፣ ደብተሩን፣ «ደህና ነበሩ» ያልኩትን። «እናትህ አንድም ሲኒ አልሰበረችም። እውነቱን የተናገረችው እሷ ብቻ ናት» አልኩት።

 እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር፤ ጭቃው ደርቆ ስለነበር አልለቅ አለው።

«ይህን ነገር እናታችን ስንት ጊዜ ነገረችን» አለ በመጨረሻ። «ሲኒው ራሱ ጮኸ ትላለች። ትልቅ ከሆንኩም በኋላ ትነግረኛለች። እሺ እላታለሁ። እኛ ግን፣ እኔና እህቶቼ፣ የአባታችን ሐዘን አእምሮዋን ነክቶት ነው የመሰለን። ሰብራ አፍራ ነው እንባባል ነበር።»

የመጣሁት ሸክሜን ላወርድ ነበር። ሣራ ፊቷን ከእኔ አዞረች። ይቅር ልትለኝ ወይም ልትረግመኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እኔን ጨርሳ ረስታኝ ልጇን አየችው።

«አንተም አላመንከኝም ነበር?» አለችው።

እሱ መሬት መሬቱን አየ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።